የጣሊያን ዋሻና የጋሽ ሙሄ ባቶን

ጋሽ ሙሄ መሞታቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ ከአርባ ቀን በኋላ ነው። የነገረኝ ዘመድ ወይም ጎረቤት አይደለም፤ ከቦሌ ሚካኤል ስመለስ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ የድሮ የቀበሌ ባልደረባዬ ነው። ስለ ቤት ኪራይ ሲያማርር ቆይቶ፣ ድምፁን እንኳ ሳይለውጥ፣ «ያ ባለ ባቶኑ ሽማግሌ እኮ ሞተ» አለኝና ወደ ኪራዩ ተመለሰ። እኔ «ወራጅ አለ» ብዬ መውረጃዬ ሳይደርስ ወረድኩ። መንገድ ዳር ቆሜ አለቀስኩ።

ቀጥሎ ተናደድኩ። አርባ ቀን ሙሉ ማንም ያልነገረኝ ነጋሪ ጠፍቶ አይደለም፤ እሳቸው ለእኔ ምኔ እንደነበሩ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ነው። ዘመዴ አይደሉም። እሳቸው የወሎ እስላም፣ እኔ ወላጆቼ ከትግራይ መጥተው ቦሌ ሚካኤል ክርስትና ያስነሱኝ። ሁለት ዓመት ግድም በአንድ የቀበሌ ግቢ አብረን ሠራን፣ በቃ። እኔ ጸሐፊ ነበርኩ፤ እሳቸው ግምጃ ቤት ጠባቂ። ቢሆንም ከወለዱኝ ሰዎች ቀጥሎ የማንን ነገር ስታስቢ ኖርሽ ብባል፣ የምጠራው የሳቸውን ስም ነው።

ረጅምና ቀጭን ነበሩ። ዕድሜያቸውን ያሳለፉት የባቡር ሐዲድ ላይ ነው። ከሐዲዱ ሥር የተረበረቡትን እንጨቶች አንድ በአንድ እየረገጡ ስለኖሩ፣ አስፋልት ላይም ሆነ ጭቃ ውስጥ እርምጃቸው አጠር ያለና እኩል ነበር። ፊታቸው ኩሬ ቢገጥማቸው እርምጃቸውን ከማስረዘም ኩሬውን ይረግጡታል። ቢሮ ያለነው ልጆች በዚህ አንለቃቸውም ነበር።

«ጋሽ ሙሄ፣ ባቡር መጣብዎት!» እንላቸዋለን።

«በየት በኩል?» ይላሉ ፈገግ ሳይሉ።

መዋሸት የሚባል ነገር ፈጽሞ አይሆንላቸውም። በግ እንደማይነክስ እሳቸውም አይዋሹም፤ ከጥሩነት ብቻ ሳይሆን ጥርሱ ስለሌላቸው ነው የሚመስለው። አንድ ጊዜ የሊቀመንበሩ ሚስት ከኮታዋ በላይ ስኳር ፈልጋ መጣች። የሱቁ ልጅ «አልቋል እትዬ» ብሎ በዘዴ ሸኛት። ስትወጣ ጋሽ ሙሄን በር ላይ አገኘቻቸውና «እውነት ስኳሩ አልቋል?» አለቻቸው። «አላለቀም፤ ከልክለውሽ ነው» አሏት። ያን ቀን የሱቁ ልጅ ከሥራ ሊባረር ምንም አልቀረው። ቀርበን ብንቆጣቸው «ጠየቀችኝ እኮ!» አሉን፤ ሌላ መልስ አልነበራቸውም።

ስለ ዋሻው ልናገር፤ ያለ ዋሻው ጋሽ ሙሄን ማሳየት አልችልም። ከቦሌ ሚካኤል ወደ ወንዙ ሲወረድ ባለው ጥቁር ድንጋይ ጉብታ ውስጥ የተፈለፈለ ነው። ሰፈርተኛው የጣሊያን ዋሻ ይለዋል። በጠላት ጊዜ ከጉብታው ማዶ ድንጋይ ይፈለጥ ነበር፤ ድንጋዩን የምታወጣ ትንሽ ባቡር እንድታልፍበት ጉብታውን በሱት። ጣሊያን ሲወጣ ባቡሯ የት እንደገባች አይታወቅም። ሐዲዱን ሰው ነቅሎ ተካፈለው፤ ዛሬም በዚያ ሰፈር ከአንዳንድ አሮጌ ቤቶች በር በላይ የተጋደመው ብረት ሐዲድ ነው። የማዶው አፍ ተንዶ ተደፈነ። በንጉሡ ዘመን አንድ ግሪክ የወዲህኛውን አፍ በብረት በር ዘግቶ አይብ ያስቀምጥበት ጀመር። ፊት ለፊቱም ለራሱ ቪላ ሠራ። አብዮቱ ሲመጣ ግሪኩ ሄደ፤ ቪላው የቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ ዋሻው የቀበሌው ሱቅ ግምጃ ቤት ሆነ። ገና ከበሩ ሲገቡ አሮጌ አይብ ይሸት ነበር። ጤፉም ሳሙናውም ያንኑ ይሸት ነበርና ሴቶቹ ወረፋ ላይ «የግሪክ ጤፍ» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ጋሽ ሙሄ ከባቡር ሥራ ጡረታ ወጥተው እዚያው ሰፈር ይኖሩ ስለነበር፣ «ዋሻ የሚያውቅ ሰው ነው» ተብለው ተቀጠሩ። የመጀመሪያ ሥራቸው ጆንያ መቁጠር አልነበረም። ወይራ ጠርበው፣ ክንድ የምታህል ዱላ አበጁ፤ ቀይ ቀለም ቀቡና በሩ አጠገብ ካለ ምስማር ላይ ሰቀሏት። ባቶን ይሏታል። ባቡር ቤት ቋንቋው ፈረንሳይኛ ነበርና ብዙ ቃል ከዚያ ይዘው መጥተዋል። ሕጉ ይኸው ነው፦ ወደ ዋሻው የሚገባ ባቶኑን ከሳቸው እጅ ተቀብሎ ይገባል፤ ሲወጣ እጃቸው ላይ ይመልሳል። ባቶኑ እስኪመለስ ሌላ ሰው አይገባም። ሲመለስላቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ሊብር!» ይላሉ፤ መስመሩ ነፃ ነው ማለታቸው ነው።

«አንድ ሐዲድ ላይ ሁለት ባቡር የማይጋጨው በዚህ ነው» ብለው አስረዱን። «ነጂው ባቶኑን እጁ ካላስገባ ንቅንቅ አይልም። ባቶኑ ደግሞ አንድ ብቻ ናት።»

ሳቅን። ዋናው ሳቂ የአብዮት ጥበቃው ኃላፊ ጓድ በየነ ነበር። ወጣት ነው፤ ሁልጊዜ የተተኮሰ ካኪ ይለብሳል። አንድ ቀን «ለድንች ጆንያ ባቡር ጣቢያ ተከፈተለት!» ብሎ ባቶኑን ሳይቀበል ገባ። ግራና ቀኝ ጆንያ የተደረደረበት ጠባብ መተላለፊያ ነው፤ መሃሉ ላይ ሲደርስ ላምባ የተሸከመ ወዛደር ከውስጥ መጣበት። በጨለማው ተላተሙ። በየነ ከአናቱ እስከ ጫማው ላምባ በላምባ ሆኖ ወጣ። ለሦስት ቀን ያህል ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አጠገቡ አልቆመም። ከዚያ በኋላ ራሱ አስጠራኝና «ያለ ባቶን ወደ ግምጃ ቤቱ መግባት ለማንኛውም ጓድ በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ማስታወቂያ አስተየበኝ። ፈረመበት፣ ማኅተም ተመታበት፣ በሩ ላይ ተለጠፈ። ጋሽ ሙሄ ማንበብ አይችሉም ነበር፤ ቢሆንም በየማለዳው አቧራውን ይጠርጉለት ነበር።

ለምን እንዲህ እንደሚያከሩት የነገሩኝ አንድ ከሰዓት በኋላ ሳሙና ስንቆጥር ነው። ከድሬዳዋ ወዲያ በረሃ ውስጥ ያለች ትንሽ ጣቢያ መስመር ጠባቂ ነበሩ። ባቶኑ ሳይደርስ የጣቢያው ሹም በስልክ ተነጋገረና «መስመሩ ነፃ ነው፤ ልቀቀው» አላቸው። ለቀቁት። ነፃ አልነበረም።

«በቃል ነው የለቀቅሁት፣ ለተ» አሉኝ። ስሜ ለተብርሃን ነው፤ እሳቸው ለተ ይሉኛል። «ሹሙ ቃል ሰጠኝ፤ እኔም ቃሉን አመንኩ። ሁለቱም ነጂዎች ጓደኞቼ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቃል ለኔ ምንም አይደለም። እጄ የገባ እንደሁ ብቻ ነው።» የሳሙናውን ቁጥር ረስተን እንደገና ከአንድ ጀመርን።

ቀይ ሽብር በታወጀ ሰሞን ጆንያው ከዋሻው ወጥቶ ወደ ግሪኩ መኪና ቤት ተዛወረ። ወደ ዋሻው ሰው ገባ። በወረቀት ላይ ስሙ «ጊዜያዊ ማቆያ» ነው፤ ወረቀቱን የተየብኩት እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ። አሥራ አምስት ሰዎች ነበሩ። የእጅ ሰዓት ጠጋኙ ዮናስ ነበረበት፤ ሰዓቴን ሁለት ጊዜ አድሶልኛል። ተማሪዎች ነበሩ። አንዲት ነርስ ነበረች። ምን እንዳደረጉ ማንም ነግሮኝ አያውቅም፤ ጠይቄም አላውቅም። ፈራሁ። ይህን ዛሬ አሳምሬ መጻፍ እችል ነበር፤ ግን ፈራሁ ነው እውነቱ።

ጋሽ ሙሄን ቁልፉን ይዘው እንዲቀጥሉ አዘዟቸው። ሥራውን ይተዉታል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልተዉም። «እኔ ብወጣ የሚገባው ማነው?» አሉኝ። ዋሻው የማዶ አፉ ስለተደፈነ አየር እንደሚያጥረው ያውቁ ነበርና እስረኞቹን በተራ በተራ ወደ በሩ እያስጠጉ ያስተነፍሷቸው ነበር። ቤተሰብ የሚያመጣውን ሰሃን በበሩ ላይ ባለች ትንሽ መስኮት የሚያስገቡት ራሳቸው ናቸው፤ የሁሉንም ስም ከነአባቱ ይጠሩታል። ባቶኑም እንደተሰቀለች ናት። ጠባቂዎቹ እስረኛ ለምርመራ ሲያወጡ ባቶኑን ይቀበላሉ፣ እስረኛውን ሲመልሱ ባቶኑን ይመልሳሉ፤ «ሊብር!» ይባላል። ለጆንያ የለመዱትን ለሰው ቀጠሉበት። አሁን ሳስበው ያንገሸግሸኛል፤ ያኔ ግን ሁላችንም ለምደነው ነበር።

አንድ ቀን ከቀትር በፊት በየነ በላንድሮቨር መጣ። ባቶኑን ተቀብሎ ገባና አራት ሰዎች ይዞ ወጣ። «ለከፍተኛው እናስረክባቸዋለን» አለ። ከፍተኛ የሚባለው ከቀበሌ በላይ ያለው ጽሕፈት ቤት ነው። መኪናዋ ስትንቀሳቀስ ጋሽ ሙሄ እጃቸውን ዘርግተው ጥቂት ተከተሏት። ባቶኑ በየነ ብብት ሥር እንደተሸጎጠች ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት የአራቱ ቤተሰቦች እንደወትሮው ምግብ ይዘው መጡ። ሌሎቹ ሰሃኖች ሲገቡ አራቱ ውጭ ቀሩ። አንዲት እናት ሰሃኗን መሬት አስቀምጣ «ታዲያ መቼ ይመለሳሉ?» አለቻቸው። ጋሽ ሙሄ መዋሸት አይችሉም፤ የሚያውቁትም ነገር የለም። ረፋድ ላይ አንድ ሰው ከአራቱ ሁለቱን ቦሌ መንገድ ዳር ሞተው ወድቀው አየኋቸው ብሎ ወሬ አመጣ። ሴትየዋ ሰሃኗን ሳታነሳ ሮጠች።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ በየነ የስም ዝርዝር አምጥቶ እንድተይብ ሰጠኝ። የቀሩት አሥራ አንዱ ናቸው። «ነገ የሚዛወሩ» የሚል ርእስ ነበረው። የዮናስን ስም ሦስት ጊዜ አበላሽቼ ካርቦኑን ቀየርኩ። ዝርዝሩን ተቀብሎኝ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ደምሴ የሚባለው ጠባቂ በመስኮቴ ብቅ አለ። እጁ ላይ ቀይዋ ባቶን ነበረች። ጭቃ ነክቷታል።

«መኪና ውስጥ ተረስታ ነው» አለኝ። «ሽማግሌው እየሰገዱ ነው፤ ሲጨርሱ ስጪያቸው። ነገ ጠዋት ትፈለጋለች።»

ተቀበልኩት። ደምሴ ሄደ፤ በዚያው ምሽት ከሌሎች ጋር ተጭኖ ወደ ጦር ግንባር ተላከና ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። እኔ ባቶኑን መሳቢያዬ ውስጥ፣ ከካርቦን ወረቀቱ ሥር ከተትኩት። አስቤበት አይደለም። ተነስቼ ወደሳቸው መሄድ ነበረብኝ፤ እግሬ እምቢ አለኝ። እጄ ደግሞ መሳቢያውን ዘጋው።

በማግስቱ ጋሽ ሙሄ ገና ስገባ መስኮቴ ጋ ቆመው አገኘኋቸው።

«ለተ፣ ባቶኑ መጥቷል?»

«አልመጣም፣ ጋሽ ሙሄ።»

ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ዋሻው በር ሄዱ። ሁለት ሰዓት ላይ በየነ ከከፍተኛው የመጡ ሁለት ሰዎች ይዞ፣ የጭነት መኪና አስከትሎ መጣ። ምግብ ያመጡ ቤተሰቦች ግቢውን ሞልተውታል። ጋሽ ሙሄ በሩ ፊት ቆመዋል።

«ክፈት» አላቸው በየነ።

«ባቶኑ አልተመለሰም። መስመሩ ተይዟል።»

በየነ ሳቀ። «ልከንልሃል እኮ ሰውዬ! ትናንት ልከናል!»

«እጄ አልገባም።»

«ክፈት ብያለሁ!»

ጋሽ ሙሄ ዞር ብለው ማስታወቂያውን በጣታቸው አሳዩ። «ለማንኛውም ጓድ» አሉ፤ በቃላቸው ይዘውት ነበር። «ያንተ ፊርማ ነው።»

ከከፍተኛው ከመጡት አንዱ መነጽሩን አድርጎ ማስታወቂያውን ከላይ እስከ ታች አነበበው። ፊርማውን አየ፤ ማኅተሙን አየ። ከሕዝቡ መሃል አንዲት ሴት ሳቀች፤ ከፍርሃት የመጣ ሳቅ ነበር። በየነ ፊቱ ፍም መሰለ። ባለ መነጽሩ ሰውዬ በቀዝቃዛ ድምፅ፣ «የራሳችሁን መመሪያ አታውቁትም ማለት ነው? ቤታችሁን አስተካክላችሁ ጥሩን» ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ። ሄዱ። አሥራ አንድ ሰው በአንድ ወረቀት ምክንያት ያን ቀን በሕይወት ዋለ።

በሁለተኛው ቀን ጠዋትም ጋሽ ሙሄ መስኮቴ ጋ መጡ። «ለተ፣ ባቶኑ መጥቷል?» «አልመጣም።» በየነ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ማስታወቂያውን የሚሽር ደብዳቤ ተይቢ አለኝ፤ ተየብኩ። ማኅተሙ ግን ሊቀመንበሩ ኪስ ውስጥ ነው፤ ሊቀመንበሩ ደግሞ የሦስት ቀን ስብሰባ ላይ ነው። ማኅተም የሌለው ወረቀት ይዞ ባለ መነጽሩ ፊት እንደገና መቅረብን በየነ ፈራ። ያን ቀን ደጋግሞ «ሽማግሌው ደብቆታል» ሲል ሰማሁት።

በሦስተኛው ቀንም ጠየቁኝ፤ ያንኑ መለስኩላቸው። በየነ «በቃ!» ብሎ አስያዛቸውና ከቢሮዬ ጀርባ ወዳለው ክፍል አስገቧቸው። የግሪኩ ማድ ቤት የነበረ ነው፤ መሃላችን አንድ ቀጭን ግድግዳ ብቻ ነበር። እጅና እግራቸውን አስረው፣ ወፌ ላላ ሰቅለው ውስጥ እግራቸውን ገረፏቸው። «ባቶኑን የት ደበቅኸው?» ይሏቸዋል። «አልተመለሰልኝም» ይላሉ። ቀጥሎ መናገሩ ቀርቶ ጩኸት ብቻ ሆነ። ያን የመሰለ ጩኸት ከሳቸው ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ታይፑን መምታት አቆምኩ፤ ሲጮኹ ዝም ማለቴ እንዳይታወቅብኝ ደግሞ ባዶ ወረቀት ላይ መምታት ጀመርኩ።

መሳቢያውን ከፈትኩ። ባቶኑን አወጣሁ። ተነስቼ ሁለት እርምጃ ወደ በሩ ሄድኩ። ያን ጊዜ አሥራ አንዱን አላሰብኳቸውም። ዮናስን አላሰብኩትም፤ ያደሰልኝ ሰዓት እጄ ላይ ነበር። የፈለግኩት ጩኸቱ እንዲቆም ብቻ ነው። እጄ የበሩን እጀታ እንደያዘ ጩኸቱ ቆመ። ጸጥ አለ። አንድ ሰው «ራሱን ስቷል፣ ራሱን ስቷል፤ ተወው እንዳይሞትብን» ሲል ሰማሁ። እየተነጋገሩ ወደ ምሳ ወጡ። ባቶኑን ነጠላዬ ውስጥ ጠቅልዬ ወደ ቤት ሄድኩ። እናቴ ምን እንደሆነ ሳትጠይቀኝ ከማገዶው ጋር ጨመረችው።

በአራተኛው ቀን ከፍተኛው ራሱ መኪና ልኮ፣ የቀበሌው አሠራር አያስተማምንም ብሎ፣ አሥራ አንዱንም ስማቸውን እየጠራ ተረከበና ወደ ትልቁ እስር ቤት ወሰዳቸው። ስማቸው መዝገብ ላይ ሰፈረ። መዝገብ ላይ የሰፈረ ሰው ሁሉ ተረፈ ማለት አይደለም፤ ሁለቱ እዚያው ሞቱ። ዘጠኙ ግን ከዓመታት በኋላ ወጡ። ዮናስ ዛሬም አለ። ዋሻውን የቀበሌው ሱቅ መልሶ ወሰደው፤ ጤፍ፣ ሳሙና፣ ላምባ። ገዢው ሁሉ ያንኑ በር እያየ ወረፋ ይይዝ ነበር።

ጋሽ ሙሄ ሰባት ወር ታስረው ተፈቱ። እግራቸው ግን አልዳነም። ያ እኩል እርምጃቸው ቀረ፤ በከዘራ አንዱን እግር እየጎተቱ ሄዱ። እኔ ዝውውር ጠይቄ ሌላ መሥሪያ ቤት ገባሁ። በሩቅ ሳያቸው መንገድ እቀይራለሁ። ሰው ያቺ ለተ ምን ነካት ይል ይሆናል ብዬ እሰጋ ነበር፤ ማንም ግን ልብ አላለም። እሳቸው ለአሥራ አንድ ሰው ሲሉ የተሰቃዩ ጀግና፣ እኔ ደግሞ ያሰቃየኋቸው ሰው ነኝ ብዬ ነበር የምኖረው።

የደርግ መጨረሻ አካባቢ ነው ቤታቸው የሄድኩት። አሞኝ ሐኪም ቤት ተኝቼ ስነሳ፣ ይህን ሳልናገር ብሞትስ የሚል ፍርሃት ያዘኝ። እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው፣ በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ወዲያው ለዩኝ።

«ለተ! አንቺ ከሳሽ ምነው?»

ጉልበታቸው አጠገብ ተቀምጬ በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት። ባቶኑ እኔ ዘንድ ነበር፤ ከካርቦኑ ሥር ነበር፤ ሲገረፉም እዚያው ነበር፣ አልኳቸው። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«አውቃለሁ እኮ» አሉ። «ደምሴ ያን ዕለት ሲወጣ፣ ለለተ ሰጥቻታለሁ ብሎኝ አልፏል።»

«ታዲያ በየጠዋቱ መጥቷል ወይ ብለው የሚጠይቁኝ?»

«በቃል ነዋ የሰማሁት። ቃል ለኔ ምን እንደሆነ ነግሬሽ የለ? እጄ አልገባ።» ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። «በየነም አጠገብሽ ሆኖ አልመጣም ስትዪ እንዲሰማ ፈልጌ ነው። እኔ እንዲያ ማለት አይሆንልኝም። አንቺ ግን ትችይበት ነበር።»

«ብሰጥዎትስ?»

«እከፍት ነበራ።»

«እያወቁ? የት እንደሚወስዷቸው እያወቁ?»

«ባቶኑ እጄ ከገባ እከፍታለሁ፣ ለተ። እኔ እንዲያ ነኝ፤ ሌላ ሰው አልነበርኩም። በየጠዋቱ ወዳንቺ ስመጣ ዱዓዬ፣ ያ ረቢ፣ ይህች ልጅ እንዳትሰጠኝ፣ የሚል ነበር።»

ተቆጣሁ። አዎ፣ ተቆጣኋቸው። ያን ሁሉ ዓመት በልቤ ያስቀመጥኩትን ጀግና ነጠቁኝ፤ የአሥራ አንድ ሰው ነፍስ የተንጠለጠለው እኔ ላይ፣ ያውም የሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ኖሯል። እንግዲያው ይህንንም ይስሙ ብዬ፣ ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳቸው። «በሦስተኛው ቀን ልሰጣቸው ነበር» አልኩ። «ጩኸትዎን መስማት አቅቶኝ አውጥቼው ነበር። ተነስቼ ነበር። ዝም ባይሉ ኖሮ በሩን ከፍቼ እሰጣቸው ነበር።»

ጋሽ ሙሄ የታመመ እግራቸውን በሁለት እጃቸው አንስተው በርጩማው ላይ አመቻቹት።

«እሱንም አውቃለሁ» አሉኝ። «ያቺ መሳቢያሽ ስትከፈት ሲጢጥ ትል ነበር፤ ከማድ ቤቱ ትሰማለች። ስትከፈት ሰማኋት። ይህች ልጅ ልትሰጣቸው ነው አልኩ። ለዚያ ነው መጮህ ያቆምኩት።»

«ራስዎን ስተው አልነበረም?»

«የት! እስኪያቆሙ ድረስ ዱላውን አንድ በአንድ ስቆጥር ነበር።»

ከውስጥ ሚስታቸውን ተጣርተው፣ «ለለተ ሻይ አምጪላት፤ ስኳሩን በዛ አድርጊው፣ ታማ ነው የከሳችው» አሉ።